ለሁለት ሰው የምትሆነው የሸራ ጀልባ የትኛዋ ናት?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከጥንዶች የመጡ ናቸው። ሞቃታማ ባሕር ላይ የሸራ ጀልባ ተከራይተው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ለማሳለፍ አስበው፣ ምርጫው ላይ ሲደርሱ ግራ የተጋቡ አንባቢያን ናቸው። ተቀራራቢ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካታማራን (ባለ ሁለት አካል ጀልባ) ካልሆነ ንቅንቅ አልልም ብላለች። እኔ የተማርኩት ባለ አንድ አካል ጀልባ ላይ ነው፤ ኪራይዋም በጣም ይቀንሳል። የምንሄደው ሁለታችን ብቻ ነን። የትኛዋን እንውሰድ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ሁለት ሰው የተሳፈረባት ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚነዳት ጀልባ ናት። አንዱ ምግብ ሲያበስል፣ ሲተኛ ወይም ባሕሩ ሲያመው ሌላው ብቻውን ነው። ስለዚህ ማወዳደር ያለባችሁ ውበትና ስፋት ብቻ አይደለም። ከሁለታችሁ አንዳችሁ፣ ማንኛችሁም ብትሆኑ፣ ብቻችሁን ሸራዋን አውርዳችሁ ወደ መጠለያ ልታስገቧት ትችላላችሁ ወይ? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

ካታማራን በሁለት አካል ላይ ስለምትንሳፈፍ አታዘነብልም፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ እዚያው ይቆያል። ሳሎኗ ከውኃው ከፍ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ብርሃንና ነፋስ ያገኛል። ከውኃ በታች የምትጠልቀው ከ1.1 እስከ 1.4 ሜትር ገደማ ስለሆነ ባለ አንድ አካሏ፣ ብዙ ጊዜ ከ1.8 እስከ 2 ሜትር የምትጠልቀዋ፣ ወደማትደፍረው አሸዋማ ዳርቻ መጠጋት ትችላለች። ለጥንዶች ትልቁ ጥቅሟ ግን ብዙ ጊዜ የማይነገርላት ነው፦ ሁለቱ ሞተሮቿ ተራርቀው ስለሚቀመጡ አንዱን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ ስታደርጉ ባለችበት ትዞራለች። ጠባብ ወደብ ውስጥ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ጉዳቷም አለ። ኪራይዋ ተመሳሳይ ርዝመት ካላት ባለ አንድ አካል ጀልባ አንድ ተኩል ወይም እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ወርዷ ከ6 እስከ 7 ሜትር ስለሆነ ወደብ ላይ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ወደ ነፋሱ ለመውጣት ሰነፍ ናት፤ ሞገዱ ሲያጥር ደግሞ ሁለቱን አካሎች የሚያገናኘውን ወለል ከሥር እየመታ ያንጓጓል። ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን የሚከተለው ነው። ባለ አንድ አካል ጀልባ ነፋሱ ሲበዛባት ታዘነብላለች፣ መሪዋም ይከብዳል፤ ሸራውን እንድትቀንሱ በራሷ ትነግራችኋለች። ካታማራን ግን አትናገርም። ስለማታዘነብል የነፋሱ ጉልበት በሙሉ ምሰሶውና ገመዶቹ ላይ ያርፋል። በካታማራን ላይ ሸራ የሚቀነሰው በስሜት ሳይሆን የነፋስ መለኪያው በሚያሳየው ቁጥር ነው። የኪራይ ድርጅቱ በስንት ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) ነፋስ ምን ያህል ሸራ እንዲቀነስ እንደሚያዝ ጠይቁና መሪው አጠገብ ለጥፉት።

የእኛ ፍርድ፦ ሁለታችሁም ሸራ መንዳት የምትወዱ ከሆነ ከ34 እስከ 38 ጫማ (ከ10.4 እስከ 11.6 ሜትር) የሆነች ባለ አንድ አካል ጀልባ ለሁለት ሰው ልክ ናት። ባለቤትዎ ካታማራን የፈለጉት ማዘንበሉ ስለሚያስፈራቸው ከሆነ ግን ለኪራይ ልዩነቱ ብላችሁ አትከራከሩ፤ አንደኛው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ገመድ ጨብጦ የሚውልበት ዕረፍት ዕረፍት አይደለም። ያን ጊዜ ካለችው ሁሉ ትንሿን ካታማራን ውሰዱ። ባለ አራት መኝታዋን ለሁለት ሰው መከራየት የማትጠቀሙበትን ክብደትና የማትደርሱበትን ሸራ መከራየት ነው።

ጥያቄ፦ የምንከራያት ጀልባ ምን ምን ነገር ሊኖራት ይገባል? ማስታወቂያዎቹ ላይ የተዘረዘረው ሁሉ አስፈላጊ ይመስላል።

መልስ፦ ሁሉም አያስፈልግም። ለሁለት ሰው አራት ነገሮች ግን የግድ ናቸው፦ የሚሠራ አውቶፓይለት (መሪውን በራሱ የሚይዝ መሣሪያ)፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመልህቅ ማንሻ፣ ዋናውን ሸራ ለመስቀልና ለመቀነስ የሚያገለግሉት ገመዶች እስከ ኮክፒቱ (መሪው እስካለበት መቀመጫ) ድረስ የመጡ መሆናቸው፣ እና የፊቱ ሸራ ተጠቅልሎ የሚዘጋ መሆኑ። ገመዶቹ ምሰሶው ሥር ከቀሩ በሚናወጥ ባሕር ላይ አንዳችሁ ወደ ፊት መሄዳችሁ ነው፤ ሰው ወደ ባሕር የሚወድቅበት አንዱ አጋጣሚም ይኸው ነው።

ዋናው ሸራ ምሰሶው ውስጥ የሚጠቀለልባቸው ጀልባዎች ለጥንዶች ምቹ ናቸው ተብለው ይቀርባሉ። ምቹ ናቸው፤ ግን ይነክሳሉ። የሚነክሱትም ሸራው ልል ሆኖ ሲጠቀለል ነው፦ ውስጡ ይታጠፍና በሚቀጥለው ቀን በጠባቡ ክፍተት አይወጣም። ስትጠቀልሉ ጀልባዋን ወደ ነፋሱ ጠጋ አድርጉ፣ ሸራውን ወደ ኋላ የሚስበውን ገመድ ሙሉ በሙሉ አትልቀቁ፤ በእጅ ትንሽ ውጥረት እየሰጣችሁ አንዳችሁ ልቀቁ አንዳችሁ ጠቅልሉ። ቢነክስ በዊንች (በገመድ መሳቢያው) አስገድዳችሁ አትሳቡት፤ ሸራው ይቀደዳል። ትንሽ ጠቅልላችሁ እንደገና አውጡት፣ እንደዚያ እያላችሁ ወደፊትና ወደኋላ ሥሩ። ከተለመደው ሸራ ጋር ግራና ቀኝ የሚይዙት ገመዶችና ከሥሩ የሚቀበለው ከረጢት ያላት ጀልባ ብታገኙ እኛ እሷን እንመርጣለን። ምንም ቢሆን የሰቀላችሁትን ታወርዱታላችሁ።

መኝታን በተመለከተ፦ መልህቅ የጣለች ጀልባ ፊቷን ወደ ነፋሱ ትመልሳለች። ስለዚህ ፊተኛው ክፍል ላይ ያለው መስኮት ሲከፈት ነፋሱ በቀጥታ አልጋው ላይ ይወርዳል። የኋላው ክፍል ሰፊ ቢሆንም ሞተሩ አጠገቡ ስለሆነ ሲመሽም ሙቀቱ አይለቅም። በምስሉ ላይ የሚያምረው የኋላው ነው፤ ሞቃታማ ባሕር ላይ እንቅልፍ የሚወስዳችሁ ግን የፊቱ ነው። ኮክፒቱን የሚሸፍን የጥላ ሸራ መኖሩንም አረጋግጡ፤ ያለ እሱ ቀትር ላይ መሪ መያዝ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ሁለታችንም መሠረታዊ ሥልጠና ወስደናል፤ ግን ብቻችንን ወጥተን አናውቅም። ካፒቴን እንቅጠር?

መልስ፦ ካፒቴን ሳይኖር ለመከራየት የሚጠየቀው ነገር እንደ አገሩ ይለያያል። አንዳንዱ ቦታ፣ ለምሳሌ በካሪቢያን ባሉት ብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች፣ የሚታየው በአብዛኛው የልምድ ዝርዝራችሁ ነው፦ በምን ያህል ጫማ ጀልባ፣ የት፣ ለስንት ቀን፣ በምን ኃላፊነት እንደነዳችሁ። ሌላው ቦታ ደግሞ ዓለም አቀፍ የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቃል። ዝርዝሩን ስትሞሉ አታጋንኑ። የተዋሸ ልምድ አደጋ ሲደርስ መድኑን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

ለእናንተ የምንመክረው መካከለኛውን መንገድ ነው፦ ካፒቴኑን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ቀናት ብቻ ቅጠሩት። እሱ እንዲነዳላችሁ ሳይሆን እሱ እያያችሁ እናንተ እንድትነዱ። በእነዚያ ቀናት ከወደብ መውጣትና መግባት፣ መልህቅ መጣልና ማንሳት፣ ሸራ መቀነስ፣ ከባሕር ወለል ጋር በተያያዘ ተንሳፋፊ ኳስ ላይ መታሰር ይኖሩባቸዋል፤ እያንዳንዱን ሁለታችሁም በየተራ ሥሩት። ካፒቴኑ የራሱ መኝታና ምግብ እንደሚያስፈልገው አትርሱ፤ አንድ መኝታ ብቻ ያላት ጀልባ ለዚህ ዕቅድ አትሆንም።

አንድ ነገር ግን ካፒቴን ኖረም አልኖረ ሁለታችሁም ማወቅ አለባችሁ። ከሁለታችሁ አንዱ ቢወድቅ ጀልባዋ ላይ የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ተንሳፋፊውን ቀለበት መወርወር፣ ቦታውን በጂፒኤስ ላይ በአንድ ቁልፍ መያዝ፣ ጀልባዋን ማቆም፣ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ውኃ ውስጥ የሚጎተት ገመድ አለመኖሩን ማየት፣ በሬዲዮ ቻናል 16 እርዳታ መጥራት መቻል አለበት። ሰላማዊ ወሽመጥ ውስጥ ትራስ ወርውራችሁ ሞክሩት። የመዋኛው መሰላል ውኃ ውስጥ ላለ ሰው በእጁ ተስቦ የሚወርድ መሆኑንም እዩ።

ጥያቄ፦ የት እና መቼ ብንሄድ ይሻላል? የመጀመሪያችን ነው።

መልስ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የሚቀጥለው ደሴት በዓይን የሚታይበትን ቦታ ምረጡ። ብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች በዚህ የሚታወቁ ናቸው፦ በሰር ፍራንሲስ ድሬክ መተላለፊያ ዙሪያ ደሴቶቹ ተቀራርበው ስለተሰለፉ ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞገድ ይቀንሳል፣ ብዙው ጉዞም በሰዓት አምስት የባሕር ማይል ለምትሄድ ጀልባ የአንድና የሁለት ሰዓት ነው። ከእነሱ ተነጥላ ያለችው አኔጋዳ ግን ሌላ ነገር ናት። ጠፍጣፋ የኮራል ደሴት ስለሆነች ከሩቅ አትታይም፣ ዙሪያዋም በኮራል የታጠረ ነው። ብዙ አከራዮች ያለ ፈቃድ ወደዚያ መሄድ ይከለክላሉ፤ ክልከላው ተገቢ ነው። እዚያው ካሪቢያን ያሉት ግሬናዲን ደሴቶች በጣም ያምራሉ፤ በመካከላቸው ያሉት መተላለፊያዎች ግን ለውቅያኖሱ ክፍት ስለሆኑ ለሁለተኛው ጉዟችሁ አቆዩአቸው። በሲሼልስም ከማሄ ወደ ፕራስሊን ያለው ከ20 የባሕር ማይል የሚበልጥ ክፍት ባሕር ነው፤ ጠዋት በጊዜ ካልወጣችሁ ቀኑ ያልቅባችኋል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በካሪቢያን የሄሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ ያለው የንግድ ነፋስ (ከምሥራቅ በኩል ሳያቋርጥ የሚመጣው) ደግሞ ከ25 ኖት አልፎ ለቀናት ሊነፍስ ይችላል። ለጀማሪ ጥንዶች የሚመቸው ከማርች እስከ ሜይ መጨረሻ ያለው ነው፤ ነፋሱ በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ኖት መካከል ይሆናል። በደቡብ ፓሲፊክ፣ በቶንጋና በፊጂ፣ የሳይክሎን ወቅት በተቃራኒው ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ነው። የሲሼልስ ዋና ደሴቶች ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆኑ ሳይክሎን እምብዛም አይደርስባቸውም፤ እዚያ የሚወስነው የሞንሱኑ፣ በየወቅቱ አቅጣጫውን የሚቀይረው ነፋስ፣ አቅጣጫ ነው፦ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ከደቡብ ምሥራቅ ጠንከር ብሎ ይነፍሳል፣ ነፋሱ አቅጣጫውን በሚቀይርበት ጊዜ፣ ለምሳሌ በኤፕሪል፣ ባሕሩ ይረጋል። በታይላንድ ፉኬት ዙሪያ ጥሩው ጊዜ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ነው።

አንድ ብዙ ሰው የሚያሳስት ነገር አለ። በአሜሪካ አህጉራትና በካሪቢያን ከባሕር ወደ ወደብ ስትገቡ መግቢያውን የሚያሳየው ቀይ ምልክት በቀኛችሁ ይሆናል። በሲሼልስ፣ በታይላንድና በአውሮፓ ግን በግራችሁ ነው። ሥልጠናውን በአንዱ ወስዶ ዕረፍቱን በሌላው የሚያደርግ ሰው ይህን ገና ከመነሻው በወረቀት ጽፎ መሪው ፊት ይለጥፍ።

ጥያቄ፦ መልህቅ ጥለን ስናድር ጀልባዋ ትሄድብን ይሆን ብዬ እንቅልፍ አይወስደኝም። እንዴት ነው እርግጠኛ የምንሆነው?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ መፍትሔውም በሒሳብ ይጀምራል። ጥልቀት መለኪያው የሚያሳየውን ውሰዱ፤ የሚለካው ከውኃው ወለል ይሁን ከጀልባዋ ሥር አከራዩን ጠይቁ፤ ከሥሯ ከሆነ ከውኃ በታች የምትጠልቀውን ጨምሩበት። በዚያ ላይ መልህቁ የሚወርድበት ጫፍ ከውኃው ያለውን ከፍታ ጨምሩ፣ ባሕሩ ሲሞላ የሚጨምረውንም ደምሩ። ድምሩን በአምስት አባዙ። ለምሳሌ 5 ሜትር ጥልቀት፣ 1.2 ሜትር ከፍታ፣ 0.4 ሜትር ሙላት 6.6 ሜትር ይሆናል፤ በአምስት ሲባዛ 33 ሜትር ሰንሰለት ነው። ነፋሱ ሲጠነክር በሰባት አባዙ። ሰንሰለቱ ላይ በየ5 ወይም በየ10 ሜትሩ የቀለም ምልክት አለ፤ ምን ማለት እንደሆነ ጀልባዋን ስትረከቡ ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ርዝመት የሚያስፈልገው መልህቅ የሚይዘው በክብደቱ ሳይሆን አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ስለሆነ ነው። ሰንሰለቱ አጭር ሲሆን መልህቁን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ወደ ላይ የተሳበ መልህቅ ደግሞ ይነቀላል። ሲረዝም ወደ ጎን ስለሚስበው እየጠለቀ ይሄዳል።

አጣጣሉ እንዲህ ነው። ነጣ ያለ አሸዋ ፈልጉ፤ ጠቆር ያለው ሣር ወይም ኮራል ነው። ሣር ላይ መልህቅ በደንብ አይይዝም፣ ኮራል ላይ ደግሞ በሕግም በሕሊናም መጣል የለበትም። ፊታችሁን ወደ ነፋሱ አድርጉና ቁሙ፤ ጀልባዋ ወደ ኋላ መሄድ ስትጀምር መልህቁን አውርዱ፣ ሰንሰለቱን በአንድ ቦታ ሳትቆልሉ ቀስ እያላችሁ ልቀቁ። ከዚያ ሞተሩን ወደ ኋላ በዝግታ አስገቡ፣ በደቂቃ እስከ 1500 ዙር አሳድጉና ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያዙ። በዚህ ጊዜ የብስ ላይ ሁለት በአንድ መስመር ያሉ ነገሮችን፣ ዛፍና ከኋላው ያለ ጫፍ ለምሳሌ፣ ተመልከቱ። መስመሩ ካልተዛነፈ ይዟል። ከዚያ የመዋኛ መነጽር አድርጋችሁ ውረዱና እዩት፤ ሞቃታማ ባሕር የሚሰጠው ትልቅ ጸጋ ይህ ነው። መልህቁ ተቀብሮ ሰንሰለቱ ብቻ ሲታያችሁ እንቅልፍ ይመጣል።

የመልህቅ ማንሻው ሞተር ጀልባዋን ለመሳብ አልተሠራም። ስታነሱ አንዳችሁ መሪ ላይ ሆናችሁ በሞተር ቀስ ብላችሁ ወደ መልህቁ ቅረቡ፣ ማንሻው የላላውን ሰንሰለት ብቻ ይሰብስብ። በማንሻው ጀልባዋን የሚጎትቱ ሰዎች ናቸው ፊውዙን የሚያስጥሉት። ፊውዙ ያለበትን ቦታ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ብዙ ጊዜ አልጋ ሥር ወይም የኋላው ክፍል ውስጥ ነው። ሌሊቱንም ሰንሰለቱ በማንሻው ላይ ተንጠልጥሎ አይደር፤ ከጀልባዋ ጋር በታሰረ የናይሎን ገመድ ሸክሙን ውሰዱለት።

ስለ ሥራ ክፍፍል አንድ ቃል። በብዙ ጥንዶች ዘንድ ጠንካራው ሰው መሪውን ይይዛል፣ ሌላው ከፊት ከሰንሰለትና ከገመድ ጋር ይታገላል። መሪው ጉልበት አይጠይቅም። ገልብጡት። ሞተር እየሠራ ስለማትደማመጡም አትጩኹ፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ቁም፣ ግራ፣ ቀኝ የሚሉ አምስት የእጅ ምልክቶች ላይ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ።

ጥያቄ፦ ውኃና መብራት ለሁለት ሰው ይበቃ ይሆን?

መልስ፦ ይበቃል። ጥንቃቄ ካለ ለአንድ ሰው በቀን ከ15 እስከ 20 ሊትር ይሆናል፤ 300 ሊትር የምትይዝ ጀልባ ሁለት ሰው አንድ ሳምንት ታቆያለች። የምትጠጡትን ለብቻ በጠርሙስ ያዙ። መብራቱን የሚበላው ፍሪጁ ነው፦ ሲሠራ 5 አምፔር ያህል ይወስዳል፣ በሙቀት ደግሞ ከቀኑ ግማሹን ይሠራል። ባትሪው የእርሳስ ከሆነ ሞተርና ፍሪጁ ጠፍተው 12.2 ቮልት ሲያሳይ ወደ ግማሽ ደርሷል ማለት ነው፤ ከዚያ በታች አታውርዱት። ጣሪያዋ ላይ የፀሐይ ፓነል ያላት ጀልባ በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ከሚሠራ የሞተር ድምፅ ታድናችኋለች። አየር ማቀዝቀዣ ያላት ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ ጄኔሬተር ያስፈልጋታል፤ ፊተኛው መስኮት ይበቃችኋል።

ጥያቄ፦ ጀልባዋን ስንረከብ ምን እንይ? አከራዩ እንደሚቸኩል ሰምተናል።

መልስ፦ እናንተ አትቸኩሉ፤ ሁለት ሰዓት ይፍጅ። ያለውን ጭረትና ስብራት ሁሉ ፎቶ አንሱና በርክክቡ ወረቀት ላይ አስመዝግቡ፤ ማስያዣችሁ የሚመለሰው በዚህ ነው። ከዚያ የምታዩትን ሁሉ ራሳችሁ አድርጉት፣ ማብራሪያ ብቻ አትስሙ። ሁለቱን ሸራዎች አውጥታችሁ መልሱ። መልህቁን ጥቂት ሜትር አውርዳችሁ አንሱ፣ የሰንሰለቱ የመጨረሻ ጫፍ ከጀልባዋ ጋር መታሰሩንም እዩ። ሞተሩን አስነሱና ከጭስ ማውጫው ውኃ እየተረጨ መውጣቱን ተመልከቱ፤ ውኃው ከቀረ ማቀዝቀዣው ተዘግቷልና ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። በጀልባዋ አካል በኩል ወደ ባሕር የሚወጡትን ቱቦዎች መዝጊያዎች በሙሉ አግኙ፣ አጠገባቸው የእንጨት ውታፍ ይኑር። የሕይወት አድን ጃኬቶቹን ልበሷቸው፤ በልካችሁ መሆናቸው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። የመጸዳጃው ፓምፕ እንዴት እንደሚሠራና ማጠራቀሚያው እንዴት እንደሚከፈት በእጃችሁ ሞክሩት። የመጸዳጃ ወረቀት ይፈቀድ እንደሆነ አከራዩን ጠይቁ፤ ሌላ ምንም አይጣልበት፤ ከተዘጋ ቱቦውን የምትፈቱት እናንተ ናችሁ።

ትንሿን የላስቲክ ጀልባ ችላ አትበሉ። ሞተሯን አስነሱ፣ ነዳጇን እዩ፣ ሹፌሩ ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ በእጅ አንጓ ላይ መታሰሩን ልማድ አድርጉት። ማታ ማታ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሏት ወይም በሰንሰለት ቆልፏት። በየጉዞው ከኋላ የሚጎትታትን ገመድ ደግሞ ወደ ኋላ ከመሄዳችሁ በፊት ሁሉ አሳጥሩት። በኪራይ ጀልባ ላይ ሞተሩ ውኃ ውስጥ በሚያሽከረክረው መቅዘፊያ ላይ የሚጠመጠመው ገመድ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው፤ ያን ጊዜ መልህቅ እየጣላችሁ ስለሆነ ነፋሱ ወደ ዳርቻው እየገፋችሁ ቢላዋ ይዞ መጥለቅ ሊመጣ ነው። ሥራውን ለአንዳችሁ ስጡት። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመግባቱ በፊት ያ ሰው «ገመዱ አጥሯል» ሳይል መሪ የያዘው እጁን አያንቀሳቅስ።